ከጉና ማዶ ያለው ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ አያ ታከለን አገኘኋቸው። ድንች ሊሸጡ ከጉና ተራራ ወርደው፣ ከእህል ተራው ጥግ፣ ከሁለት ጆንያ ኋላ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያየሁት ግን እሳቸውን ሳይሆን የለበሱትን ሹራብ ነው። አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ ቡናማ ቆዳ የተለጠፈበት፣ አንገቱ በእንጨት ቁልፍ የሚዘጋ። ከቁልፎቹ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ቦታ ጥቁር ክር ተቋጥሯል፤ አቋጠሩም የወንድ እጅ ነው። ሱፉ ደረቱ ላይ ሳስቶ የውስጡን ሸሚዝ ያሳያል። ያንን ሹራብ መጀመሪያ ሳውቀው በሌላ ሰው ገላ ላይ ነበር። ያኔ ቁልፎቹ ሙሉ ነበሩ፣ ዝናብ ሲነካውም የበግ ሽታ ይሸት ነበር። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ስጨብጥ ያው ሽታ መጣ።

«እንዴት ከረምክ?» አሉኝ። «ደኅና ከርመሃል? ቤት ደኅና? ልጆች ደኅና? እናትህስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? እትዬ ዘውዲቱ ደኅና ናቸው? ከብቱ፣ አዝመራው?»

«ተመስገን ነው። ድንቹን ውርጭ ነካካው እንጂ ተመስገን።»

እንዲህ እየተባባልን እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆየን። ከዚያ ግራና ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይርጋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ስል ስንት ዘመን ሆነኝ። የእኒያን ሰውዬ ጫማ ማን ነው ያወለቀው?»

«የፈረንጁን፣ የጋሽ ያንን?»

«የእሳቸውን። ሬሳቸው ሲወርድ እግራቸው ባዶ ነበር አሉ። ከእኔ ቤት ወጥተው ነዋ የሞቱት። ታከለ ጫማቸውን ገፎ ሰደዳቸው የሚል አለ። በፊቴ አይልም። ግን ይላል።» የሹራቡን ጫፍ ሳብ አደረጉት። «ይህንን ስለብስማ ጭራሽ።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ጫማውን ያነሳሁት እኔ ነኝና። ነገር ግን ድንች እየተመዘነ የሚነገር አልሆነልኝም። «ሲጨርሱ ቤት እንሂድ፣ መንገድ ላይ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፤ ከጎናቸው ባዶ ጆንያ አጥፌ ተቀመጥኩ።

ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ ገና ነው። ፂሜ ውስጥ ያለው ሽበት በጣት ይቆጠራል። ከተማው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ አርጅቷል፤ እኔም አብሬው ያረጀሁ ይመስለኛል። ያኔ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ኢየሱስ ዳገት ሥር ሁለት ብር ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ ይለወጣል። የእኔ ባጃጅ ሰማያዊ ናት። የኋላ መቀመጫዋን ቀይ ምንጣፍ አልብሻት፣ ከመሪው በላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክቼ፣ በፍላሽ ማሲንቆ የበዛበት ዘፈን እያሰማሁ እሠራባት ነበር። ኮረዶቹ ያን ጊዜ አበባ ያለበት ረጅም ቀሚስና ነጭ ሸራ ጫማ ይለብሱ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሦስትና አራት ሆነው ይጫኑና ዘፈኑ ካላማራቸው «ይሄንን ለእናትህ አዘፍንላት» ይሉኛል። ከጋራዡ አጠገብ ባለችው ቁርስ ቤት አንድ ጭልፋ ፉል ከዳቦ ጋር በስድስት ብር ተበልቶ ይዋላል። አሁን ባጃጄ ላስቲክ ለብሳ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ቤንዚኑ በውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ በሰዋራ ቦታ ነው የሚሸጠው። ቢገኝም ባጃጅ መንዳት አንድ ሳምንት ይፈቀዳል፣ አንድ ሳምንት ይከለከላል። ዶሮዎች ቀዩ ምንጣፍ ላይ እንቁላል ይጥሉበታል።

ጋሽ ያንና እትዬ ማርታ የእኔ ቋሚ ደንበኞች ነበሩ። ከሰሜን አውሮፓ፣ ተራራና በግ ከሚበዛበት ብርዳም አገር የመጡ ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት። በወጣትነታቸው ደቡብ ውስጥ ብዙ ዓመት አገልግለዋል፤ አማርኛቸውንም እዚያ ነው የለመዱት። ልጅ አልወለዱም። ጡረታ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ነጥቶ፣ «ለትንሽ ጊዜ» ብለው እንደገና ሲመጡ ደብረ ታቦር ደረሳቸው። ከተማው ሚሲዮን ሲባል ይጠነቀቃል። ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው የሚል ወሬ መጀመሪያ ላይ ነበር። እነሱ ግን ለስብከት አልወጡም። እትዬ ማርታ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ እናቶችን ስለ ሕፃናት አያያዝ ያስተምራሉ። ጋሽ ያን ከግቢያቸው ጓሮ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከወይራ እንጨት ክራንች ይሠራሉ፤ እግር ላጣ ሁሉ በነፃ ይሰጣሉ። እኔ ጠዋት ክሊኒክ አደርሳቸዋለሁ፣ ማታ እመልሳቸዋለሁ። እንግሊዝኛን ከሬድዮና ከተጣለ መጽሔት ለብቻዬ ስለተማርኩ፣ አማርኛ ሲያጥራቸው በእሱ እንሞላ ነበር። 

ክረምት ሲሆን እትዬ ማርታ ጥቁር የጎማ ቦት ጫማ ያደርጉና ከግራጫ ጉርዳቸው በላይ ነጠላ ይደርባሉ። ጋሽ ያን በጋ ከክረምት ያው አረንጓዴ ሹራብ ነው። እግራቸው ላይ ደግሞ ቡናማ፣ ክሩ ረጅም፣ ሶሉ ጎርባጣ የሆነ የቆዳ ጫማ። ቤታቸው ሲደርሱ መዝጊያው ሥር ካለችው ደረጃ ቁጭ ይሉና ክሩን ይፈታሉ። ጫማቸውን ጎን ለጎን፣ ተረከዙን ወደ ግድግዳው፣ አፉን ወደ ውጭ አድርገው ያስቀምጡታል። ካልሲያቸውን አጥፈው በግራው ጫማ ውስጥ ይከታሉ። ሁልጊዜ በግራው። አንድ ቀን ስመለከት እትዬ ማርታ አዩኝና ሳቁ። «በአገራችን እንዲህ ነው። የያን እናት ጫማውን በደንብ ላላስቀመጠ ልጅ እራት አትሰጥም ነበር» አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ያያሉ። ለዚያ ሲባል እትዬ ማርታ ዓርብ ማታ ዳቦ ቆርጠው፣ እንቁላል ቀቅለው፣ በውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠቀልላሉ። ወደ እብናት በሚኒባስ ወርደን የፍየል ገበያ አይተን፣ ሙቀቱ አስክሮን ተመልሰናል። ጋፋት ኮረብታ ላይ የወጣን ዕለት ጋሽ ያን ኮፍያቸውን አውልቀው ኮረብታውን ዙሪያውን ተመለከቱ። እዚያ በድሮ ጊዜ የነሱ ዓይነት ሰዎች፣ ሚሲዮናውያን፣ ለንጉሥ መድፍ ሠርተውበታል። 

«ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሩ» አሉ። «እኔ ደግሞ ክራንች እሠራለሁ። አንዱ የሌላው ተከታይ ነው።»

እትዬ ማርታ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ በመንገድ ላይ የማየውን የክራንች ብዛት ሳስብ ያ ሳቅ ይከብደኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከጣራ ገዳም ስንመለስ ነው። ጫካው ውስጥ ስንዞር ውለን፣ አንድ መነኩሴ የገዳሙን ዳቦ፣ ዳቤ፣ ቆርሰው አብልተውን፣ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍረናል። እኔ ከፊት ነኝ፤ እነሱ ከኋላዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጋሽ ያን ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና በአማርኛ፣ በጣም በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ማርታ የት ቀረች?» አሉኝ። ዞር ስል እትዬ ማርታ የባላቸውን እጅ ይዘው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ያልሰሙ ለመምሰል አገጫቸውን ጠበቅ አድርገውታል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ። አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ የተሠራላቸውን ክራንች ይዘው ተመልሰው መጡ። አንዱ ከሌላው በአራት ጣት ያጥራል። «ጋሽ ያን፣ ከኢየሱስ ወደ መናኸሪያ ስወርድ ልክ ነው፤ ስመለስ ነው የሚጥለኝ» አሏቸው። ጋሽ ያን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሃምሳ አለቃም ሳቁ። እትዬ ማርታ ግን ሁለቱን እንጨቶች ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ፈንጠር ብለው፣ እንደ ሐኪም አዩአቸው። በማግስቱ ክሊኒክ ሳደርሳቸው ከባጃጁ አልወርድ አሉ። «ሞተሩን አጥፋው» አሉኝ።

«ያን እየጠፋ ነው፣ ይርጋ። አይተሃል፤ ማየትህን አይቻለሁ። አገራችን ከተመለስን የሚያስገቡት ቤት አለ። ንጹሕ ቤት ነው። ምግቡም ጥሩ ነው። በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ግን ለእሱ አይነግሩትም። የሚሲዮኑ ሰዎች ካወቁ በሳምንት ውስጥ ይወስዱናል። እዚህ እያለ ግን ሰው ነው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ።

«እዚህ ማንም አያውቅበትም።»

እውነታቸውን ነበር። የእኛ አገር ሰላምታ ጋሽ ያንን እንደ ጋቢ ሸፍኗቸው ነበር። ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ፣ ምሳ መብላት አለመብላታቸውን የማያውቁት ሰውዬ፣ በወጣትነታቸው የለመዱት ሰላምታ አንዲት ቃል አልጠፋቸውም። እንዴት አደሩ፣ ደኅና አደሩ፣ ቤት ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲሰጡ በሁለት እጅ፣ ሲቀበሉ በሁለት እጅ። ሽማግሌ ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ስም ቢረሱ «ወንድሜ» ነው፣ «እመቤቴ» ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ያዙአቸው እንደሆነ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይነጋገራሉ፤ ሲጨርሱ ሐጂ ወደ እኔ ዞር ብለው «የተባረከ ሽማግሌ! የኛን ልጆች ባስተማሩልን» ይላሉ። ጋሽ ያን ከማን ጋር እንደተነጋገሩ ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል።

ከሁሉ ቦታ ግን የሚሻላቸው ጉና ነበር። በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ እንሄዳለን፤ ከዚያ ጉልበታቸው ለማይችለው ለእትዬ ማርታ በቅሎ እንከራያለን፤ ጋሽ ያንና እኔ በእግር። የገብሱ ማሳ አልቆ የአስታው ቁጥቋጦ፣ አስታው አልቆ የጓሳው ሣር ሲጀምር የሰውዬው ጀርባ ይቃናል። በጎቹን ሲያዩ ዕድሜያቸውን፣ ጆሯቸውን፣ የፀጉራቸውን ዓይነት ይነግሩኛል። ስለ አባታቸው በረት፣ እናታቸው ምሽት ላይ በር ቆማ ስትጣራ ድምጿ ጋራ ለጋራ እንዴት እንደሚሄድ ያወራሉ። ጅብራው፣ ያ ዛፍ የሚመስለው የደጋ ተክል፣ ብቻ ግራ ያጋባቸዋል። ረጅም ግንዱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይህ የኛ አይደለም» ይላሉ። ከጉና ስንመለስ ለብዙ ቀን አእምሯቸው ጥርት ይላል፤ ክራንቹም እኩል ይሆናል። እትዬ ማርታ ይህን አወቁ። እንደ መድኃኒት ያወጧቸው ጀመር።

በዚያ ጥቅምት ከሚሲዮኑ ዋና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ሊጎበኛቸው መሆኑ ተሰማ። የአገራቸው ሰው፣ ቋንቋቸውን የሚናገር። የአማርኛው ሰላምታ በእሱ ላይ አይሠራም። የሚመጣው ማክሰኞ ነበር፤ እትዬ ማርታ ቅዳሜ ጉና እንውጣ አሉ። ሰማዩን አይቼ «ከሰዓት በኋላ ጉም ይመስላል» አልኳቸው። «ጠዋት ወጥተን እንመለሳለን። ማክሰኞ ደኅና ሆኖ ይገኝልኝ» አሉ።

ጉሙ የመጣው ዳቦውን በልተን ስንነሳ ነው። ከሸለቆው ተነስቶ ጓሳውን እየላሰ ወጣ። እትዬ ማርታን በቅሎ ላይ ሳሳፍር ኮርቻው ተንሸራቶ መቀነቻውን እንደገና አጠበቅሁ። ጋሽ ያን ከፊታችን ቆመው ወደ ማዶ ጆሯቸውን ሰጥተው ነበር። በጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ወይም በጓን ትጣራለች፤ ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል። መቀነቻውን ጨርሼ ቀና ስል የሉም።

ጮህን። እትዬ ማርታ «ያን!» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወጣት ነበር። በቅሎዋን እየጎተትኩ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ከበቅሎዋ ጆሮ ወዲያ አይታይም። ስልክ አይሠራም። ሊመሽ ሲል እትዬ ማርታን ክምር ድንጋይ አደረስኩና ሰው አስነሳሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ለባሹ ሁሉ ወደ ተራራው ወጣ፤ እኛ የፈለግነው ግን በወዲህኛው ጎን ነው። እሳቸው የሄዱት ወደዚያኛው ነበር።

የተገኙት ሰኞ ነው። አንድ ጅብራ ሥር ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ከአረንጓዴው ሹራባቸው በላይ የሱፍ ባና ተከናንበው። ባናው ላይ አመዳይ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ አለ። እግራቸው ባዶ ነው፤ ነጭ፣ እንደ ሰም። ጫማቸው ከጅብራው ግንድ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ተረከዙ ወደ ግንዱ፣ አፉ ወደ ውጭ። በግራው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ካልሲዎቹ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ከፈላጊዎቹ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩና ጫማውን በከረጢቴ ያዝኩ። ሬሳውን በባናው ጠቅልለው በእንጨት ሲያወርዱት እግራቸው ወጥቶ ስለነበር ክምር ድንጋይ ሙሉ ባዶ እግራቸውን አየ። ጫማውን ያየ የለም። እትዬ ማርታ ከፍቼ ስሰጣቸው ካልሲዎቹን በጣታቸው ነኩ፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ደብረ ታቦር እስክንገባ እንደያዙት ነበሩ። ማክሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ። ለጉብኝት የመጣው ሰውዬ ሣጥን ፍለጋ ዋለ።

ወሬው ተራራውን ሲዞር አያ ታከለ በራሳቸው እግር መጥተው «እኔ ቤት ነበር ያደሩት» አሉ። እትዬ ማርታ ሬሳው አዲስ አበባ ሄዶ ከተቀበረ በኋላ ተመልሰው፣ ቤቱን አሳየኝ አሉኝ። በበቅሎ ወሰድኳቸው። እትዬ ዘውዲቱ፣ የአያ ታከለ ሚስት፣ መደቡን በአጎዛ አልብሰው ጠበቁን። እትዬ ማርታ መጀመሪያ የጠየቁት «ምን በላ?» ብለው ነው።

«ድንችና እርጎ» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። «ደኅና አድርገው በሉ። እጃቸውን ዘርግተውም መረቁን። ደግሞ በራችን ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቤታችንን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጠሩት ብዬ እንባዬ መጣ።»

እትዬ ማርታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

«አልጠየቃችሁትም? ከየት ነህ፣ ማን ነህ ብላችሁ?»

አያ ታከለ መሬቱን ያዩ ነበር። «የመሸበት እንግዳ አይጠየቅም፣ እመቤቴ። ካደረና ከበላ በኋላ ራሱ ይናገራል። ደግሞ ሰላምታው! እንደ አገሬ ሰው ነው የጠየቁኝ። ከብቱን ሳይቀር ጠየቁኝ። ጠዋት መንገዱ ወዴት ነው ብላቸው፣ ወደ ቤቴ አሉ። ሩቅ ነው ብላቸው፣ ከዚያ ጋራ ማዶ ነው አሉ። ፈረንጆች ድንኳን ተክለው የሚሰነብቱበት ጊዜ አለ፤ እዚያ መሰለኝ። እስከ ጋራው አፋፍ ሸኘኋቸው። ባናዬን አለበስኳቸው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።»

«ስለ እኔ አንስቶ ነበር?»

አያ ታከለ ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ዘውዲቱ መቀነታቸውን ፈትተው ቋጠሩ። እኔ ለማስተርጎም የምጠበቅ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እናቴ ትጠብቀኛለች ነው ያሉት» አሉ አያ ታከለ። «የእሳቸው እናት በሕይወት ካሉ ምን እየበሉ ነው ብላ ይቺ ማታ ሳቀች።»

ማስተርጎም አላስፈለገም። «ሰምቻለሁ» አሉኝ እትዬ ማርታ፣ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው። ከቦርሳቸው አረንጓዴውን ሹራብ አወጡና ለአያ ታከለ በሁለት እጅ ሰጡ። «አላጠብኩትም» አሉ። «ማጠብ አልቻልኩም። የመጨረሻውን ሙቀት የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።» በሚቀጥለው ሳምንት አገራቸው ገቡ። ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ። ከዚያ የኛ ስልክ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ፤ ሲከፈት ቁጥራቸው አይጠራም።

ይህንን ሁሉ ለአያ ታከለ የነገርኳቸው ድንቹን ሸጠው ባዶውን ጆንያ በትከሻቸው አድርገው ወደ ቤቴ ስንሄድ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ተዘግቷል። የጋሽ ያን ቆርቆሮ ቤት ቆርቆሮው ተነቅሏል። ድልድዩ ጋ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስቆሙን። አንዱ፣ ፂም ያላበቀለ፣ አያ ታከለን «አንተ፣ ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ? ምን ልታደርግ መጣህ?» አላቸው። ሰላምታ የለም። አያ ታከለ ሁሉንም በተራ መለሱ። እጁን ሹራቡ ሥር አስገብቶ ፈተሻቸውና «እለፍ» አለ።

ትንሽ እንደሄድን፣ «አሁን ሁሉ ሰው ይጠይቃል» አሉ። «እኛም እንጠይቃለን። በር ላይ አቁመን፣ ውሃ ሳንሰጥ። ባለፈው የመሸበት ሰው መጣ፣ ስሙን ጠይቄ፣ አገሩን ጠይቄ፣ አላመንኩትም፤ መለስኩት። እሳቸውን ያልጠየቅሁት ሰውዬ!»

«ጫማውን ራሳቸው ናቸው ያወለቁት፣ አያ ታከለ» አልኳቸው። «እናታቸው ቤት የደረሱ መስሏቸው። ማንም አልነካቸውም። በር ላይ እንደሚያስቀምጡት ነው ያስቀመጡት።»

ቆሙ። አሰቡበት።

«እንግዲህ ደርሰዋል ልትለኝ ነው?»

«እሳቸው እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም።»

«እዚያ ቤት የለም፣ ይርጋ። ያቺን ጅብራ አውቃታለሁ። በግ እንኳ አያድርባትም። ቤት የለም።»

ከቤቴ በር ደረስን። ይግቡ አልኳቸው፤ ይመሽብኛል አሉ። ቢያንስ ለእትዬ ዘውዲቱ ይህንን ይንገሯቸው፣ ጫማውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ ካስፈለገም መጥቼ እመሰክራለሁ አልኳቸው።

«ዘውዲቱ አርፋለች» አሉ። «ነሐሴ ላይ።»

«ቅድም ደኅና ናቸው ብዬ ስጠይቅዎ...»

«ገበያ መሐል መርዶ አይነገርም ብዬ ነው።» ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ቆሎውን የቋጠረችላቸው እሷ ናት። ጫማቸውን አስረው ሲወጡ አይታለች። ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ጋር የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወሬውን ሰምታለች። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ሞቷም ድረስ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እምልላት ነበር።»

የእትዬ ማርታን «አላጠብኩትም» አስታወስኩና ሹራቡን አየሁት። እሳቸውም እኔ የማየውን አዩ።

«ሌላውን ልብሴን ሁሉ ታጥብ ነበር» አሉ አያ ታከለ፣ የቀረችውን የእንጨት ቁልፍ እየቆለፉ። «ይህንን ግን እጇን አሳርፋበት አታውቅም።»